ሣቅና ምስክርነት

ሰው ከአገሩ ወጥቶ የሰው አገር አይቶ ሲመለስ ሁለት ዕዳ ይዞ ይመለሳል። አንደኛው ዕዳ ያየውን ነገር ላላዩት መንገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለዚያ አገር ሲናገር፣ እዚያው የቀሩት ሰዎች አጠገቡ ቆመው ቢሰሙት የማያፍርበትን ቃል መናገር ነው። የመጀመሪያውን ዕዳ የማይከፍል መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ወሬ ይዞ ገብቶ ዝም የሚል ሰው አይገኝምና። ሁለተኛውን በሙሉ የከፈለ ጸሐፊ ግን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። በተለይም ጸሐፊው ጨዋታ አዋቂ ሆኖ አንባቢውን እያሣቀ የሚያስከትል በሆነ ጊዜ፣ ዕዳው መከፈሉንና አለመከፈሉን ለይቶ ማወቅ እጅግ ያስቸግራል። የሚሥቅ ሰው ሒሳብ ለመመርመር አይቸኩልም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀልድ የሞላበት የጉዞ ማስታወሻ ምን ያህል ይታመናል? የጸሐፊው የአነጋገር ስልትስ ስለ እውነተኛነቱ የሚነግረን ነገር ይኖራልን? ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብቻ የሚጨነቁበት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መምህሩ ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ እየጠቀሰ ታሪክ ያስተምራል፤ ተማሪው የሰማውን እንደ ተረጋገጠ ነገር ይዞ ያድጋል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሲላክ፣ ስለዚያ አገር ሰው ጠባይ አስቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከመንገደኞች መጽሐፍ ያገኘውን ነው። በመጽሐፍ ገጽ ላይ የተጀመረ ሣቅ በሰው ላይ ፍርድ ሆኖ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት ስላልሆነ፣ ጉዳዩ የሥነ ምግባርም ጉዳይ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ዐይነት አንባቢዎች በየፊናቸው ሲሳሳቱ እናያለን። አንደኞቹ፣ «ቀልደኛ ነው፤ የተናገረውን ሁሉ ተወው» ይላሉ። እነዚህ ብዙ እውነት ያመልጣቸዋል። ኮስታራው ጸሐፊ ለክብሩ ሲል ዘልሎ የሚያልፈውን ትንንሽ ነገር፣ ማለት የማደሪያውን ትኋን፣ የጉምሩኩን ደጅ ጥናት፣ የአስጐብኚውን ጉራ፣ የራሱንም የመንገደኛውን ፍርሃትና መሰልቸት መዝግቦ የሚያቈይልን አብዛኛውን ጊዜ ቀልደኛው ነውና። ሁለተኞቹ ደግሞ፣ «እዚያው ድረስ ሄዶ በዓይኑ ያየ ሰው ነው» ብለው የተናገረውን ሁሉ ሳያበጥሩ ይቀበላሉ። እነዚህም ስንዴውን ከነእንክርዳዱ የሚበሉ ናቸው።

በአገራችን ልማድ ጨዋታና ምስክርነት ተለያይተው የኖሩ ነገሮች ናቸው። አለቃ ገብረ ሃና ተናገሩት የሚባለውን ጨዋታ ስንሰማ፣ ነገሩ በርግጥ የተደረገ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሌላው ሰው የፈጠረውም ጨዋታ በርሳቸው ስም ሲነገር እንደ ኖረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጨዋታው ይጥም እንደ ሆነ ብቻ እንመዝነዋለን። በሙግት ጊዜ ዳኛ ፊት የቆመ ምስክር ግን በመሐላ ይናገራል፤ አየሁ ያለውንም የት ቆሞ፣ በምን ሰዓት፣ በምን ብርሃን እንዳየው ይጠየቃል። የቀልደኛው መንገደኛ መጽሐፍ የሚያስቸግረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለ ቆመ ነው። ሲያሥቅ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ «እዚያ ነበርሁ፤ አየሁ» ሲል ደግሞ ምስክር ነው። አንባቢው ምስክርነቱን አጥብቆ ሲጠይቀው፣ «ቀልዴን ነው» ብሎ ወደ ጨዋታው ይገባል፤ ጨዋታው በከንቱ እንዳይቈጠርበት ሲፈልግ ደግሞ፣ «በዓይኔ ያየሁት ነው» እያለ ወደ ምስክርነቱ ይመለሳል። ሁለት በር ባለው ቤት ውስጥ የተቀመጠን ባለዕዳ ይዞ ለማስከፈል እንደሚቸግር፣ ይህንንም ጸሐፊ መያዝ ይቸግራል።

ወደ ቀልደኞቹ ከመድረሳችን በፊት ግን አንድ የተለመደ ስሕተት ማስወገድ ያስፈልጋል። ይኸውም ኮስታራነትን ከእውነት ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ነው። ለዚህ ከጀምስ ብሩስ የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ይህ የስኮትላንድ ሰው ወደ አገራችን መጥቶ በጎንደር ተቀምጦ፣ በኅዳር ወር 1770 እ.ኤ.አ. የዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1790 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጉዞውን ታሪክ በ5 ቅጽ አሳተመ። መጽሐፉ ቀልድ ያለበት አይደለም፤ ብሩስ ስለ ራሱ ክብር እጅግ የሚያስብ ኮስታራ ሰው ነበር። ሆኖም ሎንዶን ሣቀበት። በተለይም ወታደሮች ከሕያው ላም ሥጋ ቈርጠው ሲበሉ አየሁ ያለው ነገር መሣለቂያ አደረገው። በ1792 እ.ኤ.አ. ስለ ባሮን ሙንሐውዘን ከተጻፉት የውሸት ተረቶች ተከታዩ መጽሐፍ ሲወጣ፣ ለጀምስ ብሩስ መታሰቢያ ይሁን ተብሎ በሹፈት ተበረከተ። ይሁን እንጂ ከርሱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ከጻፈው ነገር ብዙውን ትክክል ሆኖ አገኙት፤ ወደ አውሮፓ ይዞት የሄደው የመጽሐፈ ሄኖክ ግእዝ ቅጅም የሊቃውንትን ምርምር ያስለወጠ እውነተኛ ሀብት ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ብሩስ በእውነት ያጓደለበት ቦታ ሌላ ነው። የዓባይን ምንጭ ከአውሮፓ ሰዎች አስቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ ለማለት ሲል፣ በ1618 እ.ኤ.አ. በዚያው ስፍራ የደረሰውን ፔድሮ ፓኤዝን አላየም ብሎ ተከራከረ፤ አብሮት የተጓዘውን ኢጣልያዊ ሠዓሊ የሉዊጂ ባሉጋኒንም ድርሻ ከታሪኩ ሸሸገ።

ከዚህ የምንማረው ነገር ታላቅ ነው። የሎንዶን ሰዎች የሣቁበት ነገር እውነት ሆኖ ሲገኝ፣ ያልሣቁበት ነገር ሐሰት ሆነ። ኮስታራው ጸሐፊ የዋሸው ክብሩ በነካው ቦታ ነበር፤ አንባቢዎቹም የተሳሳቱት ሊገምቱት ያልቻሉትን ኑሮ ሊኖር የማይችል ኑሮ አድርገው በመቍጠራቸው ነው። ሩቅ ያለ ሰው ለሚያደርገው ነገር ምክንያት ይኖረዋል ብለው አላሰቡም። ይህ «ምክንያት» የሚለው ቃል የነገራችን ቍልፍ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን።

አሁን ወደ ቀልደኞቹ እንለፍ። ማርክ ትዌይን በሚል የብዕር ስም የታወቀው አሜሪካዊ ሳሙኤል ክሌመንስ በሰኔ 1867 እ.ኤ.አ. «ኩዌከር ሲቲ» በምትባል መርከብ ከኒው ዮርክ ተነሥቶ፣ አውሮፓንና ቅድስት አገርን ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ጐበኘ። ለሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ የላካቸውን ደብዳቤዎች ሰብስቦና አስተካክሎ በ1869 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ፣ በእኛ ቋንቋ «የዋሃን በባሕር ማዶ» ልንለው የምንችለው ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጸሐፊውና ጓደኞቹ የአስጐብኚዎችን ስም መያዝ ስላቃታቸው ሁሉንም «ፈርጉሰን» ብለው ይጠራሉ። በጄኖቫ ከተማ አንዱ አስጐብኚ የክሪስቶፎር ኮሎምቦስን የእጅ ጽሕፈትና የራስ ሐውልት በኩራት ሲያሳያቸው፣ እነርሱ ምንም እንደማያውቁ ሆነው ሰውየው ሞቶአል ወይ ብለው ይጠይቁታል። በኢየሩሳሌምም በቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአዳም መቃብር ነው የተባለውን ሲያሳዩት፣ ጸሐፊው በባዕድ አገር የሥጋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ሆኖ ያለቅሳል።

እነዚህ ቀልዶች ሁሉ የተጋነኑ ናቸው፤ በዚያ ቀን የተነገረው ቃል እንደ ተጻፈው ነበር ብሎ የሚምል ሰው አይኖርም። ነገር ግን በማጋነናቸው ሐሰት አልሆኑም። ለምን ቢሉ፣ በቀልዱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከነምክንያቱ ቆሞአል። አስጐብኚው እንጀራው በእንግዳው መደነቅ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ እንግዳው አልደነቅም ሲለው ይጨነቃል፤ ጭንቀቱን ማንም ሰው ይረዳለታል። መንገደኛውም ሁልጊዜ አድንቅ መባሉ ስለ ሰለቸው ደንቆሮ ለመምሰል ይመርጣል፤ ይህንንም እንረዳለታለን። በአዳም መቃብር ላይ የፈሰሰው እንባ መቃብሩን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ በየቅዱሱ ስፍራ እንባቸውን በመጽሐፍ የሚያፈስሱትን የዘመኑን ደራሲዎች ለመንቀፍ የታሰበ ነው። በእኛ በሰምና ወርቅ ሥርዐት ብንናገር፣ ሰሙ የተጋነነ ቢሆንም ወርቁ እውነት ነው። አንባቢውም ሰሙን ሰም ብሎ ስለሚያውቀው የተታለለ አይደለም።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ትዌይን ፍልስጥኤምን ያየው በመስከረም ወር፣ ከብዙ ወራት ድርቀት በኋላ፣ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ነበር። በፀሐይ ተቃጥሎና በፈረስ ተንገላትቶ፣ ከመጻሕፍት አንብቦት የነበረውን ለምለም አገር ስላላገኘ፣ ምድሪቱ የተራቈተችና ተስፋ የሌላት መሆኗን በኀይለኛ ቃል ጻፈ። የናብሉስን ሸለቆ ግን በሚገባ የታረሰና አፈሩ የሰባ ሆኖ እንዳገኘው እርሱው ራሱ መዝግቦአል። ዛሬ ስለዚያች ምድር የሚከራከሩ ሰዎች የፊተኛውን ቃል ብቻ እየነቀሱ፣ አገሪቱ ባዶ ነበረች ለማለት እንደ መንግሥት መዝገብ ሲጠቅሱት እናገኛለን። እኛ በዚያ ክርክር ውስጥ ለመግባት አንፈልግም፤ የምንለው አንድ ነገር ነው። ያ ቃል በተወሰነ ወር የተጓዘ፣ የደከመና የአድናቂ ደራሲዎችን ውሸት ለማፍረስ የተነሣ ሰው ቃል ነው። ምድሪቱ ለመድረቋ ምክንያት ነበራት፤ ይኸውም ወራቱ ነው። ጸሐፊው ይህን ምክንያት ባይመዝነው፣ አንባቢው ሊመዝንለት ይገባል። በሰኔ ዋዜማ ወሎን ያየ መንገደኛና በጥቅምት ወር ያየ መንገደኛ ስለ አንድ አገር የሚናገሩ አይመስሉም፤ ሁለቱም ግን አልዋሹም።

ሦስተኛው ምሳሌያችን እኛኑ የሚመለከት ነው። የንጉሠ ነገሥት ኀይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከበር፣ ከመጡት ጋዜጠኞች አንዱ በዚያ ወራት ገና 27 ዓመት የሞላው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1931 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ «ርቀው ያሉ ሕዝቦች» ብለን ልንተረጕመው የምንችለው፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት አሥቂኝ የጉዞ ማስታወሻዎች መካከል ከፍ ያለ ስም ያለው ነው። የአጻጻፉን ስልት መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና የጠራ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እጅግ እንግዳ የሆነውን ነገር እንደ ተራ ነገር ፊቱን ሳይለውጥ ይናገረዋል፤ አንባቢውም ከተናገረው ይልቅ ባልተናገረው ይሥቃል። በጉዞው ላይ የደረሰበትን መሰልቸት «ቅዠት» እያለ በተለየ ምዕራፍ ሲጽፍ፣ በራሱም ላይ መሣቅ እንደማይከብደው ያሳያል።

ይህን መጽሐፍ በምክንያት ሚዛን ብንመዝነው ሁለት መጽሐፍ ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ስለ ራሱ ወገኖች የተጻፈው ነው። ጋዜጠኞቹ የበዓሉ ሥነ ሥርዐት ከመፈጸሙ በፊት ወሬውን ጽፈው እንደ ላኩ፣ በጋዜጣ የታተመውና በርግጥ የተደረገው ምን ያህል እንደ ተራራቁ በግልጽ ይናገራል። በዚህ ቦታ እናምነዋለን። የጋዜጣው ማተሚያ ሰዓት አይጠብቅም፤ አንዱ ጋዜጣ ሌላውን መቅደም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጋዜጠኛው ይዋሻል። የሥርዐተ ቅዳሴ ዐዋቂ ነኝ የሚል አንድ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በበዓለ ንግሡ ቅዳሴ ላይ አጠገቡ ቆሞ፣ አሁን እዚህ ደረሱ፣ የለም እዚያ ናቸው እያለ በየጊዜው የቀደመውን ቃሉን ሲያፈርስ የሚያሳየውም ቀልድ እንዲሁ የታመነ ነው። ፕሮፌሰሩ የሚጠብቀው ስም አለው፤ አላውቅም ማለት ይከብደዋል። በሐረር ያገኘውን አንድ አርመናዊ ባለሆቴል ሲገልጽም፣ ብልሃቱንና ደግነቱን ከነኑሮው ስለሚያሳየን ሰውየውን ያወቅነው ያህል ይሰማናል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ግን ስለ ኢትዮጵያውያን የተጻፈው ነው። ኢቭሊን ዎ አዲስ አበባን ሊመስልበት የፈለገው ነገር አሊስ የምትባለው ልጅ በሕልሟ የገባችበትን የተረት ዓለም ነው። ምሳሌው ብልሃት ያለበት ነው፤ አንባቢም ወዲያው ይሥቃል። ነገር ግን በአሊስ ዓለም ውስጥ የሚደረገው ነገር ሁሉ ያለ ምክንያት የሚደረግ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ የዚያ ተረት ጣዕሙ ይኸው ነውና። አንድን ሕያው አገር ወደዚያ ዓለም ያስገባ ጸሐፊ፣ አንዲት የውሸት ቃል ሳይናገር፣ የአገሩን ሰዎች ሁሉ ምክንያታቸውን ነጥቆአቸዋል። በበዓሉ ዋዜማ ያላለቀ ሥራ ማየቱን እናምናለን። ይሁን እንጂ ከተማይቱ ከተቈረቈረች ገና 44 ዓመት እንደ ነበራት፣ ከወደብ የሚያገናኛትም በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰ አንድ ሐዲድ ብቻ እንደ ነበረ፣ የዓለም መንግሥታት መልእክተኞች ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደ ገቡባት ያሰበ ሰው፣ ያንኑ መዘግየት አይቶ ሊሥቅ ይችላል፤ ተረት ነው ግን አይልም። እንዲያውም ችኰላውንና ጭንቀቱን ከነምክንያቱ ቢጽፈው ኖሮ፣ ቀልዱ ይበልጥ ይጥም ነበር እንላለን።

ይህ ነገር ይበልጥ ግልጥ የሚሆነው በደብረ ሊባኖስ ነው። ጸሐፊው ከዚያው ፕሮፌሰር ጋር ወደ ገዳሙ ወርዶ ቅዳሴ ሲቀደስ አየ፤ ወይም በትክክል ብንናገር ለማየት አልቻለም። የመቅደሱ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ካህናቱ ከዓይኑ ተሰውረው፣ ቋንቋው የማያውቀው ሆኖበት ቆመ። ከዚህም ተነሥቶ በመጽሐፉ ውስጥ ቀልዱን ትቶ ቁም ነገር ጻፈ። የምዕራቡ ክርስትና መሠዊያውን ለሁሉ ዓይን ክፍት ማድረጉን የብርሃን በጨለማ ላይ ድል ማድረግ አድርጎ አየው። ኢቭሊን ዎ ወደ ሮማ ቤተ ክርስቲያን የገባው ወደ ኢትዮጵያ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በመስከረም 1930 እ.ኤ.አ. መሆኑን ስናውቅ፣ ይህ ሐሳብ ስለ አዲሱ ሃይማኖቱ ያለው ፍቅር ምስክር መሆኑን እንረዳለን፤ በዚህም እናከብረዋለን። ስለ ደብረ ሊባኖስ ግን ምስክር ሊሆን አይችልም። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ በሦስት የተከፈለው የቤተ ክርስቲያናችን አሠራር ከኦሪቱ ቤተ መቅደስ ሥርዐት ጋር የተያያዘ ነው፤ መጋረጃው የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ትርጓሜ አለው፤ ይህንንም በዚያ ቀን ከቆሙት ዲያቆናት ማንኛውም ሊነግረው ይችል ነበር። አልጠየቀም። ያላየውን ነገር እንዳልነበረ፣ ያልገባውንም ነገር ጨለማ እንደ ሆነ አድርጎ ጻፈ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

አንዳንድ አንባቢ፣ «አንድ ወጣት ደራሲ ስለ መጋረጃ በጻፈው ነገር ማን ተጐዳ?» ሊለን ይችላል። መልሳችን ይህ ነው። ሰውን ከምክንያቱ የሚለይ ቀልድ ሲደጋገም፣ ያ ሰው ሲበደል ለሚጮኸው ጩኸት ጆሮ እንዳይገኝ መንገድ ይጠርጋል። ኢቭሊን ዎ በ1935 እ.ኤ.አ. የጦርነቱን ወሬ ሊጽፍ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ መጣ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሁለተኛ መጽሐፍ የኢጣልያን ድል ደግፎ፣ ፋሺስቶች የሚሠሩትን መንገድ እያመሰገነ ጨረሰ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ሕዝባቸው ሊመሰክሩ ሲቆሙ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አወኳቸው። የምስክርነት ድምፅና የማላገጥ ድምፅ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሲጋጠሙ ዓለም ሁሉ ሰማ፤ ማኅበሩም በሚቀጥለው ወር በኢጣልያ ላይ የጣለውን ቅጣት አነሣ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሺሕ ሕዝብ አለቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በግራዚያኒ ትእዛዝ በመቶ የሚቈጠሩ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት ተረሸኑ። ከ6 ዓመት ተኩል በፊት ያ እንግዳ ሲያልፍ ቆመው ያስተናገዱት፣ ሊጠይቃቸው ሲችል ሳይጠይቃቸው የሄደው ሰዎች ከእነዚህ መካከል እንደሚገኙባቸው አያጠራጥርም።

ያን እልቂት አንድ መጽሐፍ አመጣው አንልም፤ እንዲህ ያለው ክስ ራሱ ማጋነን ይሆናል። የጦር መሣሪያን የሚያነሣው ጦረኛ እንጂ ቀልደኛ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ሕዝብ ከሰማው ሁሉ ሣቁን ብቻ ያስቀረ አንባቢ፣ የዚያ ሕዝብ ደም ሲፈስስ በተነገረው ጊዜ ወሬውን ከተረቱ ጋር እንዳይቀላቅለው ያሠጋል። ቀልደኛው ጸሐፊ የሚጠየቅበት ኀላፊነት ይህን የሚያህል ነው፤ ከዚህ አይበልጥም፤ ከዚህም አያንስም።

በሌላው ወገን ደግሞ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። ትዌይን በጄኖቫው አስጐብኚ ላይ ሲቀልድ ሥቀን፣ ሌላው በእኛ ላይ ሲቀልድ የምንቈጣ ከሆነ፣ የተከራከርነው ስለ እውነት ሳይሆን ስለ ክብራችን ነው፤ ይህም ጀምስ ብሩስን ያሳተው ነገር ነው። የሚያስቈጣ ነገር ሁሉ ሐሰት አይደለም። ኢቭሊን ዎ በአዲስ አበባ ያየውን ደጅ ጥናትና ለታይታ የተሠራ ነገር ሁሉ አልነበረም ብንል እንዋሻለን፤ የራሳችን ደራሲዎችም ይህንኑ በአማርኛ ሲነቅፉ እናመሰግናቸዋለን። ልዩነቱ የአገሩ ደራሲ ሲነቅፍ ባለጕዳዩ ለምን እንደ ዘገየ፣ ሹሙ ምን እንደ ፈራ፣ ደጅ ጠኚው ምን ተስፋ እንዳደረገ ያውቃል፤ ሥቆም ያሳያል። እንግዳው ይህን ማወቅ አይችልም ማለታችን አይደለም፤ ለማወቅ መጠየቅ አለበት ማለታችን ነው። ሲቆጡ መጽሐፉን መዝጋት ቀላል ነው፤ በየገጹ የትኛው ምስክርነት፣ የትኛው ጨዋታ፣ የትኛው ፍርድ እንደ ሆነ ለይቶ ማንበብ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚረዱ ጥቂት ጥያቄዎችን መምህራንና ተማሪዎች እንዲይዙልን እንወዳለን። መጀመሪያ፣ ጸሐፊው የት ቆሞ፣ በየትኛው ወር፣ በማን አስተርጓሚነት እንዳየ መጠየቅ ነው፤ ትዌይንን በመስከረም ፀሐይ፣ ኢቭሊን ዎን በመጋረጃ ውጭ ያገኘናቸው በዚህ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ፣ ማጋነኑ በምን ላይ እንደ ወደቀ ማየት ነው፤ ቍጥርንና መጠንን የሚያጋንን ቀልድ አንባቢው በቀላሉ ስለሚያርመው ጕዳቱ ጥቂት ነው፤ የሰውን ጠባይ የሚያጋንን ግን ሚዛኑ በእጃችን ስለሌለ ይበልጥ ያሠጋል። ሦስተኛ፣ ሣቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ መከታተል ነው፤ በመጽሐፉ ሁሉ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱን ያላሣቀ ጸሐፊ፣ ራሱን ከሰው ልጅ ለይቶ ያስቀመጠ ነው። በራሱ ላይ የሣቀ ሁሉ ግን ስለ ሌላው የታመነ ነው ማለት እንዳይደለ ኢቭሊን ዎ አስተምሮናል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ የተሣቀበት ሰው ምክንያቱ ተነግሮለታልን? ይህ ጥያቄ የአነጋገር ስልትንም የሚመዝን ነው። የስልት ማማር ጸሐፊው ቋንቋን ማወቁን ይመሰክራል፤ ሰውን ማወቁን ግን አይመሰክርም። ዐረፍተ ነገሩ በጠራ ቍጥር አንባቢ ነገሩም የጠራ ይመስለዋል፤ መስተዋት የጠራ ሲሆን ከበስተኋላው ያለው ግድግዳ ይረሳልና።

እንግዲህ ስለ ቀልደኛው መንገደኛ የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ማጋነኑን ይቅር እንለዋለን፤ ጨዋታ ያለ ጥቂት ጭማሪ አይደምቅምና። መሰልቸቱን፣ ፍርሃቱን፣ የመንገድ መከራውን፣ የወገኖቹንም ጉድ ሲነግረን እናምነዋለን፤ እነዚህን በቅርብ ያውቃቸዋልና። ሰውን ከነምክንያቱ አቁሞ ሲያሥቀን እናመሰግነዋለን፤ በዚህ ጊዜ ያ ሩቅ ያለው ሰው እኛኑ ይመስላልና፤ የሣቅም ትልቁ ጸጋ ሩቁን ማቅረብ ነው። ምክንያቱን ነጥቆ ሲያሥቀን ግን፣ ሣቃችን በአፋችን ላይ ሳለ እንኳ፣ ምስክር እንደሚጠየቅ ልንጠይቀው ይገባል። ከእኛም መካከል በየአህጉሩ የሚጓዘው፣ በየከተማውም የሚኖረው ሰው ዛሬ ከምንጊዜውም በዝቶአል፤ ስለሚያየውም ሕዝብ በአማርኛ እየጻፈ ነው። ለኢቭሊን ዎ የሰፈርነው ቍና ነገ ለእርሱም ይሰፈርበታል። በሰው አገር ገብቶ ያልገባውን መጋረጃ ባየ ጊዜ፣ ቀልዱን ከመጀመሩ በፊት አጠገቡ የቆመውን ዲያቆን ይጠይቅ።